የአካል ጉዳተኞች ቅጥር፦ የድርጅት ቅድመ ዝግጅት

በኢትዮጵያ አንድ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኞችን በእኩልነት አወዳድሮ ለመቅጠርና በሥራቸው ለማቆየት አስቀድሞ የሚያደርገው መሰናዶ። ዋናው የሕግ መሠረት የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው ከዚያ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው።

አዋጁ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያዎቹን እንዲያመቻች፣ ለሠራተኛው ረዳት እንዲመድብ፣ በሴት አካል ጉዳተኞች ላይ የሚደርሰውን ተደራራቢ ጫናም ከግምት እንዲያስገባ ያዛል። ብርቱው ድንጋጌ ግን የማስረዳት ሸክምን የሚመለከተው ነው፦ በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚከስ ሰው ይህ ሸክም አይጣልበትም። ስለዚህ የምልመላ መስፈርትን፣ የፈተና ውጤትንና የኮሚቴ ቃለ ጉባኤን በወጉ መያዝ ከዝግጅቱ ሁሉ ቀዳሚ ሊሆን ይገባል።

አብዛኛው መሰናክል የሚያጋጥመው ገና ከቅጥሩ በፊት ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለዊልቸር ተጠቃሚ እንዳልወጣ ይቆጠራል። በቴሌግራም የሚለቀቀውም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ የያዘ ዓይነ ስውር አመልካች ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም። ያንኑ ጽሑፍ ከፎቶው ሥር መተየብ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አለመደረጉ ያሳዝናል። ለቃለ መጠይቅ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማዘጋጀት ግን ቀደም ብሎ በጀት መያዝን ይጠይቃል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ቢሮ የሚከራይ ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት መወጣጫውንና የመጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት መለካት አለበት።