ያልታየ ወንጀለኛና የሕግ ርዳታ፤ ከአፈርሳታ እስከ ኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ

መግቢያ

በአገራችን የሕግ ታሪክ ዳኞችንና ሽማግሌዎችን እጅግ ሲያስቸግር የኖረ አንድ ዐይነት ነገር አለ፤ እርሱም አድራጊው ያልታየ ወንጀል ነው። ሰው በገበያ መካከል ቢደባደብ ምስክር አይታጣም፤ ጎተራ በሌሊት ቢቃጠል ወይም በሬ ከበረት ቢነዳ ግን ተበዳዩ ማንን ይከሳል? ዛሬም ገንዘቡ በስልክ የተወሰደበት ነጋዴና ፎቶግራፏ ያለ ፈቃዷ የተሠራጨባት ልጃገረድ የሚጠይቁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚመረመረው፣ አድራጊው ባልታየ ወንጀል ለተበዳይና ለተከሳሽ የሚደረገው የሕግ ርዳታ ከጥንት እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ነበረ ነው። የጸሐፊው ሐሳብም ባጭሩ እንዲህ ይነገራል፤ ወንጀለኛው በማይታይበት ጊዜ ሸክሙ በቅርብ በተገኘው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ይህን የሚያግደውም ለሁለቱም ወገን በጊዜው የሚደርስ የሕግ ርዳታ ነው።

፩ኛ/ በጥንቱ ሥርዓት

አድራጊው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። ይህ ሸንጎ በአንዳንዱ አገር አፈርሳታ፣ በሌላው አውጫጭኝ ይባላል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ነገሩ ሳይጣራም ወደ ቤት መሄድ አይፈቀድም። በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው የሚያውቀውን ለሽማግሌዎች በስውር ይነግራል፤ እንዲህ ያለውም ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ወንጀለኛው ካልተገኘ የአገሩ ሰው አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል።

ይህ ሥርዓት ለተበዳዩ ታላቅ ርዳታ እንደ ነበረ የሚካድ አይደለም፤ ድኻው ያለ ጠበቃና ያለ ወጪ አገር ሙሉ መርማሪ ይሆንለታልና። ለተጠርጣሪው ግን እንዲህ አልነበረም። በወፍ ቃል የተጠቈመ ሰው የጠቈመውን አያየውም፤ ስለዚህም ጠቋሚው ጠላቱ መሆኑን ወይም በወሬ ብቻ መናገሩን ሊያስረዳ አይችልም።

ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነበር። ቃሉ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ሲሰክርም ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተወላገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቈጥሮ ይከፍላል። ይህ ልማድ በኋላ ተከልክሎ ቀርቷል። ነገር ግን ስሕተቱን ማስተዋል ይገባናል፤ ምልክቱ ወደ አንድ ቤት መርቶ መግባቱ የቤቱን ባለቤት ሌባ ያሰኘው ነበር።

አድራጊው በታወቀ ጊዜም ተበዳዩ ብዙ ይደክም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ወይም በኩታ ጫፍ ተቈራኝተው ይሄዱ ስለ ነበረ፣ ተበዳዩ ራሱ የበደለውን ሰው ጠባቂ ይሆን ነበር ማለት ነው። በችሎትም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ይረታል፤ ቃል የሚያጥረው ግን አንደበት ያለው ዘመድ ወይም ነገረ ፈጅ መፈለግ ነበረበት። እንግዲህ የሕግ ርዳታ በዘመድና በገንዘብ የሚገኝ እንጂ በመብት የሚጠየቅ አልነበረም።

፪ኛ/ ርዳታው መብት እንደ ሆነ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ተከሳሽ የመሰከሩበትን ሰዎች ፊት ለፊት እንዲጠይቅና በጠበቃ እንዲረዳ ፈቀደ፤ በራሱ ጥረት ወይም ገንዘብ ጠበቃ ለማግኘት ያልቻለ እንደ ሆነም ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት አዘዘ። በዚህ አንቀጽ «ወፉ» ከተሰወረበት ወጥቶ በችሎት እንዲቆም ተደረገ ለማለት ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያው ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ደነገገ።

ሆኖም ሕጉ የቀደመ ሲሆን ሰዎቹ አልደረሱለትም ነበር። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሕግ ተምሮ በችሎት የሚቆም ሰው ከየት ይገኝ ነበር?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ጠበቃ የማግኘትን መብት አጸና፤ ተከሳሹ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት አዘዘ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 25/1988 ደግሞ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል እንዲደራጅ አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጣለበት። ከእነዚህም ጋራ የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለሴቶች፣ የልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለችግረኞች ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጡ ቈይተዋል።

፫ኛ/ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ አመጣጥ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1996 ዓ.ም. ታውጆ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 ጀምሮ ባሉ ጥቂት አንቀጾች ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር መግባትንና መረጃ ማበላሸትን ቀጣ። በ2004 ዓ.ም. ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ዐዋጅ ቁጥር 761 ወጣ። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 ታወጀ። ይህ ዐዋጅ ሰብሮ መግባትን፣ መልእክት መጥለፍን፣ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለልና የሰው ማንነት ስርቆት፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የብልግና ወንጀል፣ ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትንም በአንድነት ሰብስቦ የያዘ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ዳኝነቱንም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጠ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲም በምርመራው የቴክኒክ ድጋፍ እንዲሰጥ አደረገ።

፬ኛ/ የተበዳዩ ችግር

በዚህ ዐይነት ወንጀል ተበዳዩን ከሌባው ይልቅ የሚጐዳው ጊዜ ነው። ስለዚህም ሁለት ቀጠሮዎችን መመልከት ይበቃል። አንደኛው፣ ዐዋጁ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የመልእክቱን መነሻ፣ መድረሻና ሰዓት የሚያሳየውን መዝገብ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ማዘዙ ነው። ዓመት ዘግይቶ የሚያመለክት ሰው መዝገቡ ተደምስሶ ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው፣ በኮምፒዩተር ስም ማጥፋት በተበዳዩ የግል አቤቱታ የሚያስከስስ ሲሆን፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንዲህ ላለው አቤቱታ የሰጠው ጊዜ ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መሆኑ ነው። አፍራ ወይም ቤተሰቧን ፈርታ ለስድስት ወር ዝም ያለች ልጃገረድ ከሄደች በኋላ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል።

ሌላም ችግር አለ። ሰው በተሰደበ ወይም በተታለለ ጊዜ ቶሎ የሚያደርገው ነገር መልእክቱን ከስልኩ መደምሰስ ነው። ይህም ሌባ የገባበትን ቤት ፖሊስ ሳያየው ጠርጎ እንደ ማጽዳት ይቈጠራል። መልእክቱን ከነቀኑና ከነላኪው አድራሻ ጠብቁ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው አትስጡ፣ የባንኩን ደረሰኝ አስቀምጡ ብሎ በመጀመሪያው ቀን የሚመክር ሰው ቢኖር ግን ብዙ ማስረጃ ሳይጠፋ ይተርፍ ነበር።

በተለይም ተበዳዩ በወንጀሉ ክርክር ውስጥ የራሱ ጠበቃ የሚቆምለት በሥርዓት አይደለም፤ ክሱን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕግ ስለ ሕዝብ ይከራከራል፤ የተወሰደው ገንዘብ እንዲመለስ ማድረግ ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳዩ የወንጀሉ ክርክር ሲጀመር የጉዳት ካሳ እንዲወሰንለት በዚያው ችሎት ማመልከት እንዲችል ፈቅዶለት ነበር፤ ይሁን እንጂ ይህን ቀድሞ ያልነገሩት ሰው ከየት አውቆ ያመለክታል? የጥንቱ አፈርሳታ ቢያንስ ተበዳዩን ያለ ካሳ አያሰናብትም ነበር።

፭ኛ/ የተከሳሹ ችግር

አሁን ወደ ተከሳሹ እንለፍ። በ2008ቱ ዐዋጅ የማስረዳት ሸክም በመሠረቱ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል ተብሎ ተደንግጓል። ይህ ድንጋጌ በጽሑፍ ሲነበብ አጭር ነው፤ በችሎት ግን ከባድ ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ ጐልማሳ በስሙ የስልክ ቍጥር አውጥቶ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ እንበል። ከዚያ ቍጥር የማታለያ መልእክት ቢላክ መዝገቡ የሚያሳየው የጐልማሳውን ስም ነው። ወይም የአንድ ሻይ ቤት ባለቤት ኢንተርኔቱን ለደንበኞቹ ሁሉ ቢከፍት፣ ፍለጋው የሚደርሰው በእርሱ በር ነው። ቍጥሩ ወደ አንድ ቤት መርቶ ገባ፤ የቤቱ ባለቤት ግን ወንጀለኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። ሌባ ሻይን የምንነቅፍበት ምክንያት ይህ ከሆነ፣ በዚህ ዘመን ያለውን መዝገብም ሳንመረምር መቀበል አይገባንም። በእርግጥ መዝገቡ ከሰከረ ልጅ እጅግ የታመነ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ መሣሪያው ነው፤ መሣሪያውን ስለ ያዘው እጅ ራሱ አይናገርም። ይህን ልዩነት ለዳኛ ለማስረዳት ሕግ ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ አይበቃም፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ባለሙያ ከጐኑ ሊቆም ይገባል። በመንግሥት በኩል ይህ ርዳታ በሕግ ተዘጋጅቷል፤ በተከላካይ ጠበቃው በኩል ግን በዐዋጁ ተመሳሳይ ዝግጅት አልተደረገም።

የእውቀት ማነስ የሚያመጣውን መዘዝ ከዐዋጁ አስቀድሞ ያየነው ጉዳይ አለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በጸረ ሽብር ሕግ ሲከሰሱም መልእክትን በምስጢር ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ ተጠቀሰባቸው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ በአምስቱ ላይ የቀረበው ክስ ተነሣ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አደረጋቸው። መልእክትን በምስጢር መቈለፍ ባንኮች ሁሉ ዕለት ዕለት የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ቍልፍ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰውረው ነገር አለው ከተባለ በር ያለው ሰው ሁሉ ይጠረጠራል። ሆኖም ይህ በችሎት እስኪለይ ድረስ ክሳቸው ሳይነሣ የቀሩት እስረኞች አንድ ዓመት ተኩል የሚያህል ጊዜ በእስራት አለፈ።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው አፈርሳታ ተበዳዩን ረድቶ ተጠርጣሪውን ያለ መከላከያ ተወው፤ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለተከሳሽ ጠበቃን ሰጠ፤ የ2008 ዓ.ም. ዐዋጅ ደግሞ ለመርማሪው ብርቱ መሣሪያ ሲሰጥ ለተከላካዩ ተመጣጣኝ መሣሪያ አልጨመረም፤ ተበዳዩንም በመጀመሪያው ቀን የሚመክረው ሰው አላዘጋጀለትም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ይመስለናል። መጀመሪያ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የነጻ ሕግ ርዳታ ማዕከሎች ማስረጃ ስለ መጠበቅና ስለ አቤቱታ ጊዜ የሚናገር አጭር ምክር በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አዘጋጅተው ለሕዝብ ቢያድሉ። ሁለተኛ፣ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት መዝገቡን የሚመረምርለት የኮምፒዩተር ዐዋቂ ቢመደብለት። ሦስተኛ፣ የሕግ ተማሪዎችና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች በነዚሁ ማዕከሎች አብረው ቢያገለግሉ። ይህ የመጨረሻው አዲስ በጀትም ሆነ አዲስ ዐዋጅ አይጠይቅም፤ ሁለቱ ፋኩልቲዎች የሚገኙት ባንድ ዩኒቨርሲቲ ነውና።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር ይላሉ። ቃሉ የሚያገለግለው ግን የሚቆመውን ሰው ፊት ለፊት ስናይ ነው። አድራጊው በማይታይበት ዘመን በዚህ ቃል ፋንታ ተበዳዩ የሚሄድበት ደጅ፣ ተከሳሹም የሚቆምለት ዐዋቂ ሊዘጋጅለት ያስፈልጋል።