በሽታው ሄዶ መድኃኒቱ ቀረ

ሃርድ ዲስክ ሲታመም ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር መድኃኒት አለ። አንዱ ጎኑን መታ መታ አድርገው ይላል፤ ሌላው በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው ይላል፤ ሦስተኛው ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ፈትተህ ግጠምለት ይላል። እነዚህን ምክሮች የአላዋቂ ወሬ ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። እያንዳንዳቸው በአንድ ዘመን፣ ለአንድ ዓይነት ማሽን፣ በምክንያት የተገኙ ናቸው። ማሽኑ ተለውጦ ምክሩ ባለበት በመቅረቱ ግን ትናንት ፋይል ያተረፈው እጅ ዛሬ ሊተርፍ የሚችለውን ያጠፋል። ይህን ለማየት ወደ ኋላ ሄዶ የዕቃውን አፈጣጠር መከተል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ያደረገው ራማክ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወርዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር የሆነ 50 ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይሽከረከሩበት ነበር፤ ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው። ሄድ የሚባለው አንባቢ በሚነፋ አየር ተደግፎ ከሳህኑ 20 ማይክሮ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ1973 ዊንቸስተር በሚል ቅጽል የታወቀው 3340 ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። ሄዱ ቀለለ፣ ሳህኑ ቅባት ተቀባ፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሄዱ እዚያው ሳህኑ ላይ ያርፋል፣ ሲበራ ደግሞ የሳህኑ ሽክርክሪት በሚፈጥረው ንፋስ ይንሳፈፋል። የኋለኞቹ የግል ኮምፒውተር ዲስኮች የዚህ ዝርያ ናቸው። የዱላው መድኃኒትም የተወለደው ከዚሁ ማረፊያ ነው። በ1980ዎቹ የሳህኖቹ ገጽ እየለሰለሰ ሲሄድ፣ ቆሞ ያደረ ሄድ ከሳህኑ ጋር መጣበቅ ጀመረ፤ ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ሲነባበሩ አልላቀቅ እንደሚሉት። ሞተሩ ሊያላቅቀው አቅም ያንሰዋል። ያኔ ዲስኩን በእጅ ይዞ ወደ ጎን ጠምዘዝ ማድረግ ወይም በስሱ መምታት ሄዱን ያላቅቀዋል፤ ሳህኑም ይነሳል። ፋይሉ ይገለበጣል፣ ዲስኩ ይጣላል። ይህ ጥገና ነበር፣ ያውም ጥሩ ጥገና።

የዛሬው ሃርድ ዲስክ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ሲጠፋ ሄዱ ከሳህኑ ወጥቶ ጎን ላይ ባለ መወጣጫ ያርፋል፤ ስለዚህ በምት የሚላቀቅ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሲሠራ ደግሞ ከሳህኑ የሚርቀው በጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር መሆኑን ላሰበ፣ ከፍሪዘር በወጣ ዲስክ ላይ የሚያርፍ የጤዛ ጠብታ ለዚህ ሄድ ተራራ ነው። ቦርዱም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ዓይነት ሞዴል ስለሆነ ብቻ ቦርድ መቀያየር የሚያዋጣበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ግን በብዙዎቹ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ የዚያን አንድ ዲስክ ልኬት ለብቻው ይዛለች፤ እሷን ሳያዛውሩ የተገጠመ ቦርድ ሳህኑን ማንበብ ያቅተዋል።

«በፍሪዘር የዳነ ዲስክ አለ» የሚል ሰው ሐሰት ተናገረ አልልም። በሙቀት የሚሰናከል የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን የሚወራው የዳነው ነው፤ ሳህኑ ተፍቆ የቀረው አይወራም። ከዚህ የጠነከረው ሙግት የገንዘብ ነው፦ ዲስክን አቧራ በሌለበት ንጹሕ ክፍል በባለሙያ ማስከፈት ውድ ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ራሱ ቢሞክር ምን ይቀርበታል? ይቀርበታል እንጂ። ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዲስክ አይባባስም፤ የተቧጨረ ሳህን ግን ነገ ገንዘብ ቢገኝም አይመለስም። የሠርግ ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ዲስክ ደግሞ ሌላ ሁለተኛ የለውም።

የሳህኑን ዋጋ ኮሎምቢያ ከተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የተገኘው ዲስክ ያህል ያሳየ የለም። መንኮራኩሯ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ስትበታተን የዜኖን ጋዝን ጠባይ ያጠና የነበረ የሙከራ ዲስክ አብሯት ወደቀ። ከወራት በኋላ ቴክሳስ ውስጥ በደረቀ ሐይቅ ወለል ሲገኝ ፕላስቲኩ ቀልጧል፣ ውስጡ አቧራ ገብቶበታል። ኦንትራክ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጥበው ወደ ሌላ ዲስክ አካል አዛወሯቸውና 99 በመቶ የሚሆነውን መረጃ አነበቡ፤ የሙከራው ውጤትም በ2008 ታተመ። ዕድልም እንደረዳቸው አይካድም፤ አቧራው የቧጨረው መረጃ ያልተጻፈበትን ቦታ ነበር። ግን ዕድሉ ራሱ የሚነግረን ይኸንኑ ነው፦ ከሰማይ ወድቆ የተረፈውን ሳህን፣ ደግመው ደጋግመው በማብራት ጠረጴዛ ላይ መጨረስ ይቻላል።

ዲስኩ ራሱ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ጠብቆ መንቀሳቀስም አስተማማኝ አይደለም። የጎግል ተመራማሪዎች በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው፣ ከተበላሹት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስማርት በሚባለው ራስ መመርመሪያ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ እንደሞቱ አገኙ። በተቃራኒው፣ በቅኝት አንድ የማይነበብ ቦታ ብቻ የተገኘበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ካልተገኘበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ምልክት ካልታየ አትመኑ፤ ከታየ ደግሞ አትዘግዩ ማለት ነው።

ሙያው በእነዚህ ዓመታት የደረሰበት ሥርዓት ጥገናን ሳይሆን መቅዳትን ያስቀድማል። እንደ ቼክ ዲስክ ያሉት የድሮ ፕሮግራሞች በታመመው ዲስክ ላይ እየጻፉ ያቃናሉ፤ ከ2004 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ዲዲሬስኪዩ ግን ከታመመው ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ ያሻግራል፣ አስቸጋሪውን እየዘለለ በካርታ ይመዘግባል፣ ወደ እሱ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። የጠፋ ፋይል የሚፈለገው ከዚያ በኋላ፣ ከቅጂው ላይ ነው። ይህም የሚሠራው ዲስኩ ያለ እንግዳ ድምፅ እየዞረ ከሆነ ነው። ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ሄዱ ቦታውን ማግኘት አቅቶታል፤ ያኔ እባክዎ ኤሌክትሪኩን ይንቀሉ፣ ደግመውም አያብሩት።