ልጅ እንዴት ደንበኛ ሆነ፦ የምግብ ቁጥጥር ታሪክ በአል ዐይንና በአቡ ዳቢ

በአቡ ዳቢ ኤሚሬት ውስጥ የምትገኘው አል ዐይን በበረሃ መካከል ለብዙ ሺህ ዓመታት ልትኖር የቻለችው በ«ፈለጅ» ምክንያት ሲሆን፣ ፈለጅ የሚባለው ከተራራ ሥር የሚመነጭን የከርሰ ምድር ውሃ በተቆፈረ ቦይ፣ በመሬቱ ተዳፋትነት ብቻ፣ እስከ ተምር እርሻ የሚያወርድ የመስኖ ዘዴ ነው። በከተማዋ ሂሊ በተባለው ስፍራ የተገኘው ፈለጅ 3,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ዩኔስኮ የከተማዋን ጥንታዊ ስፍራዎችና የተምር እርሻዎች በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውሃው ለባለእርሻዎቹ በሰዓት ተመጥኖ ይከፋፈል የነበረ ሲሆን፣ ክፍፍሉን የሚጠብቅ «ዐሪፍ» የተባለ ኃላፊም ነበረው። የሁሉም ሕይወት የተመሠረተበትን ነገር ለግለሰብ ፍላጎት ብቻ አለመተው በዚህ ምድር የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው።

የቀድሞው ማዕድ በዋናነት ተምር፣ የግመል ወተት፣ ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ የደረቀ ዓሣ፣ ከውጭ የሚገባ ሩዝ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ስንዴና ሥጋ አብረው እስኪላሙ የሚበስሉበት «ሀሪስ» ነበር። ልጆች ከአዋቂዎች ጋር ከአንድ ሳህን ይበሉ ስለነበር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅና የሚሸጥ ምግብም ሆነ ሕፃኑን በቀጥታ የሚያነጋግር ነጋዴ አልነበረም። የዛሬው የልጆች ምግብ ቁጥጥር ክርክር ሲመረመር ይህ ነጥብ ቁልፍ ነው፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ልጁ በገበያው ውስጥ የያዘው ስፍራም ተለውጧልና።

ለውጡን ያመጣው ነዳጅ ነው። በአቡ ዳቢ ነዳጅ በ1958 ተገኝቶ በ1962 ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር፣ ቀደም ሲል የአል ዐይን አካባቢ አስተዳዳሪ የነበሩት ሼክ ዛይድ በ1966 የኤሚሬቱ ገዥ፣ በ1971 ደግሞ የአዲሱ የኤሚሬቶች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አስፋልት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተስፋፉ፤ ቀጥሎም የገበያ ማዕከላትና የውጭ ምግብ ቤቶች ተከተሉ። በ1979 አሜሪካ ውስጥ ለልጆች አሻንጉሊት የተጨመረበት የሳጥን ምግብ መሸጥ የጀመረው ማክዶናልድስ በ1994 መጨረሻ ወደ ኤሚሬቶች ገባ። የበጋው ሙቀት ልጆችን ለወራት ከደጅ ጨዋታ ወደ ቀዝቃዛዎቹ የገበያ ማዕከላት ሲያስገባቸው፣ በኋላም ምግብ በስልክ መተግበሪያ ታዝዞ እስከ ደጃፍ መምጣት ሲጀምር፣ በማስታወቂያውና በግዢው መካከል የነበረው ርቀት ጠፋ። በብዙ ቤቶች ልጆችን የሚያበሉት ከሌላ አገር የመጡ ሞግዚቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ኢትዮጵያውያን እኅቶች ጥቂት አይደሉም፤ አሠሪዎቿ በሌሉበት ልጁ በስልኩ ያየውን በርገር ካላመጣሽ ብሎ ሲያለቅስባት፣ እምቢ የማለት ሥልጣን የሌላት ተቀጣሪ ልትቋቋመው ይከብዳታል።

የለውጡ ዋጋ በጤና ላይ ታየ። የአቡ ዳቢ ጤና ባለሥልጣን ከ2008 ጀምሮ በአዋቂ ዜጎች ላይ ባካሄደው «ዊቃያ» (መከላከል) የተባለ የልብ በሽታ ስጋት ምርመራ፣ ከ50,000 በላይ ሰዎች መረጃ ሲተነተን 18 በመቶው የስኳር በሽታ፣ 27 በመቶው ወደ ስኳር በሽታ የሚያደርስ ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳላቸው ተገኘ። በጉልምስና የሚታይ በሽታ ሥሩን የሚሰደው በልጅነት የአመጋገብ ልማድ ውስጥ በመሆኑ፣ መንግሥት ትኩረቱን ወደ ልጆች ማዞሩ ተገቢ ነበር።

የመጀመሪያው የቁጥጥር መስክ ትምህርት ቤት ሆነ። በካንቲኖች የሚሸጠውን ምግብ የሚወስኑ መመሪያዎች በየጊዜው እየጠበቁ መጥተው፣ የአቡ ዳቢ የትምህርትና የዕውቀት መምሪያ ከ2024/25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ባወጣው የጤናማ አመጋገብ ፖሊሲ በትምህርት ሰዓት ከውጭ ምግብ አዝዞ ማስመጣት ተከልክሏል። ሁለተኛው መስክ ታክስ ነው። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ጋዝ ባላቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ 50 በመቶ፣ በኃይል ሰጪ መጠጦች ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፤ በታኅሣሥ 2019 ስኳር የተጨመረባቸው ሌሎች መጠጦችም ተካተቱ። ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የጣፋጭ መጠጦች ታክስ በስኳሩ መጠን መሰላት ጀመረ፤ በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ ከፍተኛውን፣ ከ5 እስከ 8 ግራም ያለው ዝቅተኛውን ይከፍላል፤ ከ5 ግራም በታች የሆነው ግን አይከፍልም። የስሌቱ ትርጉም አንድ ጣሳ ኮላ ሲታይ ይገለጣል፤ 330 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ጣሳ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ተከትሎ ሲሰላ በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ የሚያስፈልገው ልጅ ሊያልፈው የማይገባው የተጨማሪ ስኳር ጣሪያ 40 ግራም ነው።

ሦስተኛው መስክ መለያ ነው። ከሰኔ 2025 ጀምሮ አቡ ዳቢ «ኒውትሪ ማርክ» የተባለውን፣ የምግብን የጤና ደረጃ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ባሉ አምስት ፊደላት የሚያሳየውን ምልክት የልጆችን ምግብ ጨምሮ በአምስት የምግብ ዘርፎች ላይ አስገዳጅ አደረገች። ፊደሉ ለገዢው መረጃ ከመስጠቱም ሌላ፣ ዝቅተኛ ደረጃ በማሸጊያው ላይ እንዲነበብበት የማይሻውን አምራች ጨውንና ስኳርን እንዲቀንስ ይገፋፋዋል።

ሦስቱም እርምጃዎች ግን የሚይዙት ምርቱን ነው፤ ልጁን የሚጠራው ድምፅ፣ ማለትም ማስታወቂያው፣ በአመዛኙ ለኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ተትቷል። ትልልቅ ዓለም አቀፍ የምግብ ኩባንያዎች ለትንንሽ ልጆች ጤናማ የማይባል ምግብ ላለማስተዋወቅ በራሳቸው ፈቃድ ቃል ገብተዋል፤ ነገር ግን ጤናማ የሚባለው ምግብ የትኛው እንደሆነና የልጆች ፕሮግራም የሚባለው ምን እንደሆነ የሚወስኑት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ቃሉ ባለጉዳዩ ራሱ ዳኛ የሆነበት ችሎት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለመንግሥታት ምክረ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ በ2023 ባወጣው መመሪያ በሁሉም የልጅነት ዕድሜ ላይ የሚሠራ አስገዳጅ ሕግ እንዲወጣ መምከሩ፣ የፈቃደኝነት መንገድ በቂ እንዳልሆነ ያስረዳል።

አስገዳጅ ሕግም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተረቀቀ ክፍተት ይገኝበታል። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት በ2010 ካሎሪና ጨው ከበዛበት የልጆች ምግብ ጋር ነፃ አሻንጉሊት መስጠትን ሲከለክል፣ ማክዶናልድስ አሻንጉሊቱን በ10 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። በአንጻሩ የካናዳዋ ኩቤክ ከ1980 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚቀርብን የንግድ ማስታወቂያ በጠቅላላው በመከልከሏ ቀዳዳውን አጥብባለች፤ ቺሊም በ2016 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ የማስጠንቀቂያ መለያና የማስታወቂያ ገደብን አጣምራለች።

የቁጥጥሩ ተቃዋሚዎች ልጅን መመገብ የወላጅ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም ይላሉ። የወላጅ ኃላፊነት የማይካድ ቢሆንም፣ ትንንሽ ልጆች ማስታወቂያ ሊሸጥላቸው የሚሞክር መልእክት መሆኑን በቅጡ እንደማይለዩ የሥነ ልቦና ጥናት ያረጋገጠ በመሆኑ፣ ወላጅ በሌለበት ሰዓት በስልክ መስኮት የሚገባን ንግድ መገደብ የወላጅን ሥልጣን ማገዝ ነው። የኤሚሬቶች መንግሥት በ2018 የሕፃናትን ወተትና ተጓዳኝ ምርቶች ማሻሻጥን በካቢኔ ውሳኔ መቆጣጠሩ፣ ኢትዮጵያም በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በአዋጁ ቁጥር ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ማገዷ፣ ሁለቱም አገሮች ጤናን ከንግድ ማስታወቂያ የማስቀደም መርሕ እንደተቀበሉ ይመሰክራል። ስለዚህ ቀሪው ሥራ ይህንኑ መርሕ ስኳር፣ ጨውና ስብ ለበዛበት የልጆች ምግብ ማስፋት ነው፤ ይኸውም የተከለከለውን ምግብ በገለልተኛ የንጥረ ነገር መለኪያ የሚወስን፣ ስጦታንና አሻንጉሊትን የሚያካትት፣ ከቴሌቪዥን አልፎ ስልክንና የምግብ ማዘዣ መተግበሪያን የሚደርስ ሕግ ሊሆን ይገባል። በርገርና ለስላሳ መጠጥ በየመንገዱ እየበዛባት ያለችው አዲስ አበባም፣ ሆስፒታሎቿ በስኳር በሽተኞች ከመጨናነቃቸው በፊት ከአቡ ዳቢ መማር የሚገባት ዋና ነገር ሕጉን ከበሽታው ማስቀደም ነው።