የተሰበረ መስታወት፣ ያልታጠበ ፊልም

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1915 ሁለት ሰዎች በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ተቀምጠው የፎቶ ኔጌቲቭ ይመርጡ ነበር። አንደኛው የጉዞው መሪ ኧርነስት ሻክልተን፣ ሌላው አውስትራሊያዊው ፎቶ አንሺ ፍራንክ ኸርሊ ነው። «ኢንዱራንስ» የተባለችው መርከባቸው በበረዶ ተጨፍልቃ ልትሰጥም ተቃርባለች። ከዚህ በኋላ ጉዞው በእግርና በጀልባ ስለሆነ ሸክም መቀነስ ግድ ነበር። ኔጌቲቮቹ ደግሞ መስታወት ናቸው፤ ይከብዳሉ። ሁለቱ ሰዎች አንድ በአንድ እያነሱ ተመለከቷቸውና 120ውን አስቀሩ። ወደ 400 የሚጠጉትን ኸርሊ እዚያው በረዶው ላይ ሰባበራቸው። ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ተመልሶ እንዳያነሳቸው ብሎ ነው።

ይኸው ሰው ከቀናት በፊት እነዚያኑ ኔጌቲቮች ለማውጣት ልብሱን አውልቆ፣ በረዶ በሚንሳፈፍበት ውሃ ወደ ተሞላው የመርከቧ ሆድ ጠልቆ ነበር። መስታወቶቹ የተረፉት በብየዳ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ስለነበሩ ነው። ትልልቆቹን ካሜራዎች ትቶ ሲነሳ የቀረችው አንዲት የኪስ ኮዳክና ሦስት ጥቅል ፊልም ብቻ ነበረች። የቺሊ መርከብ ኦገስት 30 ቀን 1916 ደርሳ በጀልባ ተጉዘው በኤሌፋንት ደሴት የቀሩትን የጉዞውን ሰዎች እስክታወጣ ድረስ፣ በዚያች ትንሽ ካሜራ ያነሳቸው 38 ፎቶዎች ዛሬም አሉ።

ከኸርሊ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በዘመኑ እጅግ የተከበረ አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራዎቹ ደህና ሆነው፣ እጁም ሳይሰንፍ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ትቷል። በፊልም የሚያነሱ ሰዎች ካሜራቸው በተበላሸ ቁጥር ፍላጎታቸው አብሮ የሞተ ይመስላቸዋል። የሙያው ታሪክ ሁለቱን ለየብቻ ያሳየናል፤ ዕቃ የሚሰበርበት ምክንያት አንድ ነው፣ ሰው የሚሰለችበት ምክንያት ሌላ።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እርጥብ ኮሎዲየን የሚባለውን ዘዴ ሳይሸሽግ፣ የባለቤትነት መብትም ሳይጠይቅበት አሳተመ። ዘዴው ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ፋታ ግን አይሰጥም። ፎቶ አንሺው ኮሎዲየን የተባለውን ወፈር ያለ ፈሳሽ ንጹሕ መስታወት ላይ ያፈስና በአራቱም ማዕዘን እያዘነበለ እኩል ያለብሰዋል። ጨለማ ገብቶ ብር ናይትሬት በተበጠበጠበት ውሃ ይነክረዋል። እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ከትቶ ያነሳል፤ ወዲያው ወደ ጨለማው ተመልሶ ያጥበዋል። ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ አካባቢ ካላለቀ ኮሎዲየኑ ይደርቅና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አቧራ ካረፈበት ነጠብጣብ ይቀራል፤ ጣት ከነካው አሻራ ይቀራል። የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ በብር ናይትሬት በጠቆሩት ጣቶቹ ይለይ ነበር።

ሮጀር ፌንተን በዚህ ዘዴ ጦር ሜዳ ወረደ። በትምህርቱ የሕግ ሰው ነው፤ ሥዕልም ተምሯል። የለንደኑ የፎቶግራፍ ማኅበር በ1853 ሲቋቋም የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆኗል። በማርች 1855 ክራይሚያ የደረሰው 5 ካሜራ፣ 700 መስታወት፣ በ36 ትልልቅ ሣጥኖች የታጨቀ ጓዝ፣ በዚያ ላይ ቀድሞ የአንድ ወይን ጠጅ ነጋዴ ንብረት የነበረ ጋሪ ይዞ ነው። ጋሪውን ተንቀሳቃሽ ጨለማ ክፍል አድርጎት ነበር። ከሩቅ ጎልቶ ስለሚታይ የሩሲያ መድፈኞች ይተኩሱበት ጀመር። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ኮሎዲየኑ ገና ካሜራ ውስጥ ሳይገባ ይደርቅ ስለነበር፣ ረፋዱ ካለፈ በኋላ መሥራት አልተቻለም። በመጨረሻም ኮሌራ ያዘው። እንዲያም ሆኖ በበጋው ወደ አገሩ ሲመለስ ከ350 በላይ ፎቶዎች አንስቶ ነበር።

ክራይሚያ ፌንተንን አላስቆመውም። ከዚያ በኋላም የእንግሊዝን ካቴድራሎችና የዌልስን ወንዞች እየዞረ ሲያነሳ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። በ1862 ግን መሣሪያዎቹንና ኔጌቲቮቹን ለጨረታ አቅርቦ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ ከአንድ በላይ ምክንያት ይደረድራሉ። በ1860 አንድ ወንድ ልጁን በሞት ተነጥቋል። በትንንሽ ካርድ ላይ የሚታተሙ ርካሽ ፎቶዎች ገበያውን አጥለቅልቀውታል። በዚያው በ1862 የለንደን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጆች ፎቶግራፍን ከሥነ ጥበብ አውጥተው ከማሽንና ከመሣሪያ ጋር መደቡት። ፎቶግራፍ ከሥዕል እኩል እንዲከበር ዕድሜውን ለሰጠ ሰው ይህ ከመድፍ የባሰ ነበር። ፌንተን በ1869፣ በ50 ዓመቱ አረፈ።

ፌንተን በተወው ማግሥት፣ በዲሴምበር 1863፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት የምትኖር አንዲት የ48 ዓመት እናት ከልጇና ከአማቿ ካሜራ በስጦታ አገኘች። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። የዶሮዎቿን ቤት ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረገችው። የመጀመሪያ ፎቶዋን ገና ሳይደርቅ በእጇ አሻሽታ ራሷ አጠፋችው። ከዚያ በኋላም መስታወቶቿ ላይ የጣት አሻራ፣ ጭረትና የኬሚካል ጠብታ አልጠፋም። አንዳንዶቹ ተሰንጥቀዋል። የዘመኑ ተቺዎች ሥራዋን ዝርክርክ ብለው አጣጣሉት። በ1869 የኔጌቲቮቿ ልባስ እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግራት ወደ ፎቶግራፍ ማኅበሩ ሄዳ የባልደረቦቿን ምክር ጠየቀች። ጉድለቱን ግን የማንሳት ማቆሚያ አላደረገችውም። ፊት ላይ ያለው ስሜት ከመጣላት፣ ጥርት ያላለውንም አትማ ለሕዝብ ታሳይ ነበር።

ይህች ሴት ከእኛም ታሪክ ጋር ትገናኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ዋይት ደሴት ላይ ሳለ ካሜሮን አነሳችው። በእርጥብ ኮሎዲየን የሚነሳ ሰው ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ መቀመጥ አለበት፤ አገርና ወላጅ ያጣ ሕፃን ይህን ሁሉ ታግሦ ተቀመጠ። ዛሬ የልዑሉን የልጅነት ፊት የምናውቀው በከፊል ከእነዚያ መስታወቶች ነው። ለጭረት የምትበሳጭ ሰው ብትሆን ኖሮ እነዚያ ፎቶዎች ለእኛ ባልደረሱ ነበር።

ካሜሮን የቀዘቀዘችው በ1875 ከባሏ ጋር ወደ ሲሎን፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ከሄደች በኋላ ነው። እዚያ ኬሚካልም ንጹሕ ውሃም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ይሁንና ዕቃዋ እንግሊዝ ሳለችም በደህና ሠርቶላት አያውቅም። በሲሎን ያጣችው ፊቱን እየተከተለች የምታነሳውን የወዳጆቿን ክበብ ነው፤ ገጣሚውን ቴኒሰንን፣ ሳይንቲስቶቹን ኸርሽልንና ዳርዊንን የመሰሉ ሰዎች ከበዋት ነበር። ከሲሎን የቀሩላት ፎቶዎች ጥቂት ናቸው። በጃንዋሪ 1879 እዚያው አረፈች። ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ሞተ።

የዕቃ ብልሽት ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕቃ ወልዷል። የሮቸስተሩ የባንክ ጸሐፊ ጆርጅ ኢስትማን በ1877 ለጉዞ ብሎ የእርጥብ ኮሎዲየን ዕቃ ገዛ፤ ለትምህርቱም ለአንድ ፎቶ አንሺ 5 ዶላር ከፈለ። ብር ናይትሬቱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ክዳኑ አፈሰሰና አብዛኛው ልብሱ በማይለቅ እድፍ ተበላሸ። ኢስትማን ሌላ ሻንጣ በመግዛት አልተመለሰም፤ ማታ ማታ በእናቱ ወጥ ቤት ደረቅ መስታወት የሚሠራበትን ዘዴ ይሞክር ጀመር።

ደረቁ መስታወት ደግሞ የራሱን መከራ ይዞ መጣ። በ1882 ከፋብሪካው የወጡ መስታወቶች ብርሃን መያዝ አቆሙ። ደንበኞች መለሷቸው፤ ኢስትማንም የተበላሸውን ተካላቸው። ምክንያቱ ሲጣራ አዲስ የተገዛው ጀላቲን ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩ በደንብ የተገለጠው በ1920ዎቹ፣ በኮዳክ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ሳሙኤል ሼፓርድ ጀላቲን ውስጥ ያለ ጥቂት የድኝ ውሁድ ለፊልም ብርሃን የመያዝ ፍጥነት እንደሚሰጥ ባረጋገጠ ጊዜ ነው። ጀላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ድኙ የሚገኘው ደግሞ ከብቶቹ ከሚግጡት እንደ ሰናፍጭ ካለ ተክል ነው። በ1888 ኢስትማን ያወጣው የመጀመሪያው ኮዳክ 25 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ 100 ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ተሞልቶበታል። ባለቤቱ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ በፖስታ ይልካል፤ 10 ዶላር ከፍሎ ፎቶዎቹን ከአዲስ ጥቅል ጋር ይቀበላል። ለደስታው ብቻ የሚያነሳ ሰው በብዛት የታየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ክብደቱን የቀነሰው ሌላ ድካም ነበር። በጀርመኗ ቬትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ የሚሠራው ኦስካር ባርናክ አስም ስለነበረበት ትልቁን የመስታወት ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አቃተው። በ1913 አካባቢ የሲኒማ ፊልም የምትጠቀም፣ ኮት ኪስ የምትገባ ካሜራ ለራሱ ሠራ። በ1925 በላይፕዚግ ትርኢት ላይካ ተብላ ለሽያጭ ቀረበች። ባለ 36 ፊልም የዓለም ልማድ የሆነው በእሷ መንገድ ነው።

በዚህ ፊልም የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አደጋዎች አሉ። የፊልሙ ጫፍ ጠቅላዩ ዘንግ ላይ በደንብ ካልተያዘ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ፊልሙ ግን አይንቀሳቀስም። ቀኑን ሙሉ ሲነሳ የዋለ ሠርግ ባዶ ፊልም ሆኖ ይወጣል። ልምድ ያለው ሰው ፊልሙን ሲያዞር በግራ በኩል ያለችው መመለሻ አብራ መዞሯን ያያል። ሳይመለስ ክዳኑ ከተከፈተ ፊልሙ ይቃጠላል። በሚታጠብበት ጊዜ ደግሞ ጠመዝማዛው መጠቅለያ ጥቂት እርጥበት ካለው ፊልሙ መሐል ላይ ይያዛል፤ ሁለት ንብርብር ከተጣበቀም ኬሚካሉ ያልደረሰበት ቦታ ተበላሽቶ ይቀራል።

በአንጻሩ ምንም ሳይበላሽበት የጠፋ ፎቶ አንሺም አለ። የኒው ዮርክን ጎዳናዎች በማንሳት ስሙ የገነነው ጋሪ ዊኖግራንድ በ1984፣ በ56 ዓመቱ ሲሞት ወደ 2,500 የሚጠጉ ያልታጠቡ ጥቅሎች ትቷል። ታጥበው እንኳ ለእይታ ያልታተሙት 6,500 ያህል ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሎስ አንጀለስ ሆኖ ያለ ማቋረጥ ያነሳ ነበር፤ ያነሳውን ግን አያይም። ሥራውን በ1988 በኒው ዮርክ ያሳየው ጆን ሻርኮቭስኪ የኋለኞቹ ጥቅሎች ከፊተኞቹ እጅግ የደከሙ መሆናቸውን አልሸሸገም። ካሜራው እስከ መጨረሻው ሠርቷል፤ የቆመው የሠራውን የመመዘን ፍላጎት ነው።

የዛሬው ፊልም ወዳጅ ሁለቱንም ፈተና በአንድ ላይ ተሸክሟል። ኮዳክ በጃንዋሪ 2012 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ። የኮዳክሮም ምርት በ2009 ቆመ፤ ያጥበው የነበረው የመጨረሻው ቤት፣ በካንሳስ የሚገኘው፣ በ2010 ማብቂያ መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ፤ ኤክታክሮም በ2018 ወደ ገበያ ተመለሰ፣ በ2024 ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ። አብዛኛው ሰው እጅ ያለው ካሜራ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት የሞላው ነው። በክዳኑ ጠርዝ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ረግፎ ብርሃን ያስገባል። የብርሃን መለኪያው የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ይህ ባትሪ በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ከገበያ ወጥቷል፤ በቦታው 1.5 ቮልት ሲገባ መለኪያው ይሳሳታል። ፊልምና ማሳጠቢያ ሲወደድ ደግሞ እያንዳንዱ ስህተት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ችግር ግን መፍትሔ አለው። ስፖንጁ ይቀየራል፤ መለኪያው ይስተካከላል፤ ያም ካልሆነ በፊልሙ ሣጥን ላይ በታተመው የብርሃን መመሪያ መሥራት ይቻላል። ፍላጎቱ የቀዘቀዘበት ሰው ሌላ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የማነሳው ማንን ነው? ያነሳሁትንስ ለማን አሳያለሁ? ፌንተን የቆመው ሥራው ቦታ ባጣ ጊዜ ነው፤ ካሜሮን የቀዘቀዘችው ከወዳጆቿ በራቀች ጊዜ ነው።

ያልታጠበ ፊልም በመሳቢያ ያስቀመጠ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ስዊድናዊው ፎቶ አንሺ ኒልስ ስትሪንድበሪ በ1897 በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሥቶ ሳይደርስ ክቪቶያ ደሴት ላይ ሞተ። አስከሬኑና ፊልሞቹ የተገኙት ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1930 ነው። ዮን ኸርትስበሪ የተባለ ባለሙያ ስቶክሆልም ውስጥ ከ240 ያህል ፎቶዎች 93ቱን አድኗል። ፊልም ከሞቀ ክፍል ይልቅ በቅዝቃዜ ስለሚቆይ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው በየዓመቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ያለዎትን ጥቅል በዚህ ሳምንት ወደ ፎቶ ቤት ይውሰዱት፤ የታተመውንም በላዩ ላይ ላሉት ሰዎች ይስጧቸው።