የወንዶ ገነት ፍል ውሃ

ማለዳ ከሐዋሳ ተነስታችሁ፣ የሐይቁን ጭጋግ ከኋላ ትታችሁ የጥቁር ውሃን ወንዝ ትሻገራላችሁ፣ ከዚያም ሻሸመኔ ደርሳችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትታጠፉ እንሰቱና ሸንኮራው ግራና ቀኝ ይዞ ይሸኛችኋል፣ ከዚያም ተራራው ፊት ለፊት ይገተርና ከዛፎቹ መሃል እንፋሎት ሲትጎለጎል ታያላችሁ።

ይህን የወንዶ ገነት ፍል ውሃ ማንም አልቆፈረውም። በደጋው የዘነበው ዝናብ በመሬት ስንጥቅ ይሰርጋል፣ በስምጥ ሸለቆው ሆድ ከጋለ ዐለት ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም ፈልቶ ከተራራው ግርጌ ይወጣል። ምንጩ ዘንድ እጅ አያስነካም። የሰፈሩ ልጆች ድንችና በቆሎ ይነክሩበትና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ፣ ከዚያም ሲበስል አውጥተው ትኩሱን ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጡ ለእንግዳ ያቀርባሉ። ያን ድንች የቀመሰ ያውቀዋል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ እንደሰፈሩና አዲስ አበባ ከዚያ እንደተወለደች ታውቃላችሁ። እንደዚያው ወንዶ ገነትንም አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደዱትና ማረፊያ አሠሩበት፤ ሐዋሳም በ1952 ዓ.ም. ግድም ከታች ከሐይቁ ዳር ተቆረቆረች። ከዚያም መስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፣ ማረፊያውም የመንግሥት ሆነ፣ ኋላም በዋቢ ሸበሌ ሆቴል ስም እንግዳ ተቀበለ፣ ገንዳውም ከፍሎ ለገባ ሁሉ ሆነ። ደግ ሆነ እላለሁ፤ ፈጣሪ ያፈላው ውሃ የአንድ ቤት ብቻ ሊሆን አይገባውም ነበርና።

ውሃው ግን የጫካው ልጅ ነው። ጉሬዛ የሚዘልበት ዝግባና ዋንዛ ዝናቡን አዝግሞ ያሰርገዋል፤ በ1970 ዓ.ም. የደን ትምህርት ቤት እዚያው መከፈቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ይሁንና ትምህርቱ ከደጁ እየተሰጠ፣ ዛፉ ለእርሻና ለጫት፣ ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ፣ ከዚያም ክረምቱ የተራቆተውን አፈር እየጠረገ ወደ ጨለለቃ አወረደው፣ ያ ትንሽ ሐይቅ የነበረውም በደለል ሞልቶ ረግረግና ግጦሽ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እየበላችሁ የምትዝናኑ ሁሉ ስሙኝ፤ ጨለለቃ ሊይዘው ያልቻለውን አፈር ጥቁር ውሃ ይዞት የሚመጣው ወደዚያው ሐይቅ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም።