ከቃል ግራና ቀኝ የምትቆመው ኮከብ

የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ውስጥ እንዲህ የሚል መልእክት ገባ እንበል፦ «ስብሰባው *ሐሙስ* ነው፤ ረቡዕ አይደለም»። ዋትስአፕ ወይም ስላክ ላይ ከተጻፈ «ሐሙስ» ደምቃ ትወጣለች። ማርክዳውን በሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ላይ ከተጻፈ ግን ጋደል ትላለች። ተራ የጽሑፍ ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ኮከቦች እንዳሉ ቁጭ ብለው ይታያሉ። ጸሐፊው ለማለት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሰመርበት!

«ይሰመርበት» ስንል አብዛኛውን ጊዜ እጃችን ላይ ብዕር እንኳ የለም። የኮከቧ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚያው ከማስመር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮ ታይፕራይተር አንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ነበረው። ደማቅ የለ፣ ሰያፍ የለ። አንድን ቃል ጎላ ማድረግ የፈለገች ጸሐፊ ቃሉን ትመታና ወደኋላ መመለሻውን ቁልፍ እየተጫነች እስከ ቃሉ መጀመሪያ ትመለሳለች፤ ከዚያ የታች ሰረዟን በየፊደሉ ሥር ትደረድራለች። ወረቀት ላይ ሁለቱም ይቀራሉ፣ ፊደሉም ሰረዙም። በአውሮፓና በአሜሪካ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ይህች መስመር የታወቀ ትርጉም ነበራት። ረቂቁ ላይ ከቃሉ ሥር ቀጥ ያለ መስመር ካለ «ይህን በሰያፍ ልቀመው»፣ እንደ ሞገድ የተጥመለመለ ከሆነ ደግሞ «በደማቅ ልቀመው» ማለት ነው። ፊደል ለቃሚው መስመሩን ያያል፣ ትእዛዙን ይፈጽማል፣ የታተመው መጽሐፍ ላይ ግን መስመሩ የለም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ምልክቷ ትእዛዝ ሰጥታ የምትጠፋ ነበረች። ይህን ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት አስኪ የተባለው የፊደላት ሰንጠረዥ በ1963 ሲወጣ የታች ሰረዝ አልነበረበትም። ቦታዋን ይዛ የነበረችው ወደ ግራ የምታመለክት ቀስት ናት። በ1967 ክለሳ ቀስቷ ወጥታ ሰረዟ ገባች። ሰንጠረዡ በጠቅላላው 128 ቦታ ብቻ ስለነበረው ለደማቅና ለሰያፍ ፊደል የሚተርፍ አልነበረም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ አላስቸገረም፤ ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በወረቀት ላይ ስለነበር የታይፕራይተሩ ዘዴ ይሠራል። የዩኒክስ ሲስተም የጽሑፍ ማሰናጃ የሆነው ኤንሮፍ እስካሁን ድረስ አንድን ፊደል ለማድመቅ «ፊደሉን ምታ፣ ወደኋላ ተመለስ፣ እዚያው ላይ ድገመው» የሚል ቅደም ተከተል ሲያወጣ ይገኛል።

ከዚያ ስክሪን መጣ። ስክሪን ላይ ወደኋላ ተመልሳችሁ ስትጽፉ የቀድሞው ፊደል ይጠፋል፤ መደራረብ ብሎ ነገር የለም። ሰረዟ ከቃሉ ሥር መግባት ስላቃታት ከቃሉ ጎን ቆመች ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም። አንዷ በፊት፣ አንዷ በኋላ። ኮከቧም በዚያው መንገድ ገባች። የውይይት መልእክቶች በኮምፒውተሮች መካከል ይዘዋወሩበት በነበረው በዩዝኔት ላይ በ1984 ሰዎች ስለ አጽንዖት አሰጣጥ ይከራከሩ ነበር፦ ቃሉን በትልልቅ የላቲን ፊደል መጻፍ፣ በኮከቦች ማጠር፣ ወይም ፊደሎቹን አራርቆ መደርደር። በ1995 የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል አርኤፍሲ 1855 የተባለ የመልካም ጠባይ መመሪያ አወጣ፤ ያዘጋጀችው የኢንቴል ባልደረባ የነበረችው ሳሊ ሃምብሪጅ ናት። መመሪያው ለአጽንዖት ኮከብን፣ ለማስመር የታች ሰረዝን ይመክራል፤ በትልልቅ ፊደል ብቻ መጻፍን ግን እንደ መጮህ ይቆጥረዋል።

ይህ የመጨረሻው ምክር በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይለውም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ «ሀ» መቼም «ሀ» ናት። አለቃ በግሩፕ ውስጥ ቢቆጣ እንኳ በፊደል መጠን መጮህ አይችልም፤ ቃለ አጋኖ መደርደር ነው ያለው። እንዲያውም የግዕዝ ፊደል የራሱ የሆነ፣ ከማስመርም ከማጋደልም የማይገናኝ የማጉያ ዘዴ ነበረው፦ ቀይ ቀለም። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የምዕራፍ መክፈቻ መስመሮች፣ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። ቀዩ ቀለም እዚያው ገጹ ላይ ይቀራል፤ ለማንም ትእዛዝ አይሰጥም፣ አንባቢው የሚያየው ራሱን ነው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ በዚያን ጊዜ የኮከብና የሰረዝ ልማድ ሥር ሰድዶ ስለነበር ፊደሉን ይዘን ስንገባ ልማዱን ከነቤቱ ወረስን።

እስከዚህ ድረስ ኮከቧን የሚያነባት ሰው ነበር። ማሽኑ ኮከብ ተቀብሎ ኮከብ ያደርሳል፤ «አሃ፣ ይቺን ጎላ አድርጎ ነው የሚያነባት» የሚለው ተቀባዩ ነው። ነገሩ የተገለበጠው ማሽኑም ማንበብ ሲጀምር ነው። በ2004 ጆን ግሩበር፣ ከአሮን ሽዋርትዝ ጋር እየተመካከረ፣ ማርክዳውንን አወጣ። ሐሳቡ ሸጋ ነው፦ ሰዎች በኢሜይል የለመዱትን ምልክት ወስዶ ወደ ድረ ገጽ ቋንቋ መለወጥ፣ ጥሬው ጽሑፍም ቢሆን ለዓይን እንዲመች አድርጎ። አንድ ኮከብ አጽንዖት (ማለትም ሰያፍ)፣ ሁለት ኮከብ ጠንካራ አጽንዖት (ማለትም ደማቅ)። ኮከቧ እንግዲህ ወደ ማተሚያ ቤቱ መስመር ተመለሰች፤ ትእዛዝ ትሰጣለች፣ ትጠፋለች። ልዩነቱ ፊደል ለቃሚው ሰው ነበር። ግራ ሲገባው ይጠይቃል። ማሽኑ አይጠይቅም።

ይህ ቀልድ አይደለም። የሞባይል ካርድ ለመሙላት *805* ብለን፣ የካርዱን ቁጥር አስከትለን፣ በመሰላል እንዘጋለን። ይህን ኮድ ማርክዳውንን እንደወረደ የሚያነብ የሥራ መልእክት ፕሮግራም ላይ ለባልደረባችሁ ብትልኩት ሁለቱ ኮከቦች ይዋጡና 805 ጋደል ብሎ ይደርሰዋል። ሰውየው የደረሰውን ቢደውል አይሠራም፤ የላከውን ይወቅሳል፣ የላከው ደግሞ የጻፈውን ያውቃል። «2*3*4» ብላችሁ የላካችሁት ስሌትም እንዲሁ «234» መስሎ ይገባል፤ ሦስቷ ትንሽ ብታጋድል ማን ልብ ይላታል? የፋይል ስም የባሰ ነው። «ሪፖርት_ሐምሌ_ረቂቅ» በመጀመሪያው የማርክዳውን ደንብ ሁለቱንም ሰረዝ ያጣል፤ ፋይሉን በዚያ ስም የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ጊትሀብ በ2009 ባወጣው የራሱ ዓይነት ማርክዳውን ይህን አስተካከለ፤ በ2014 የወጣው ኮመንማርክ የተባለ ደንብም በቃል መካከል ያለች ሰረዝ ትእዛዝ እንዳትሆን ወሰነ። ኮከብን ግን አልነካትም። መፍትሔው ጽሑፉን ባክቲክ በምትባለው ወደኋላ በተጋደለች ጭረት ማጠር ነው፤ «ይህን እንዳለ አሳልፍ፣ አትተርጉም» ማለት ናት። ከዚህ ሁሉ አንዲት ምልክት ብቻ ያዙ ብባል እሷን ነው የምለው።

የሥራ መልእክት ፕሮግራሞች ሲበዙ ደግሞ እያንዳንዱ ኮከቧን በራሱ መንገድ ፈታት። ስላክ የተወለደው ታይኒ ስፔክ በተባለ የጌም ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ግሊች የተባለውን ጌም ሲሠሩ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ነበራቸው፣ ጌሙ ሲዘጋ መሣሪያው ራሱ ሸቀጥ ሆነና በ2013 ብቅ አለ። ስላክ ላይ አንድ ኮከብ ደማቅ ነው፤ ማርክዳውን ላይ ሰያፍ። ዋትስአፕ በ2016 ሲከተል አንዷን ኮከብ ለደማቅ አደረጋት። ቴሌግራም ደግሞ ለደማቅ ሁለት ሁለት ኮከብ ይፈልጋል። ማን ትክክል ነው? የድሮው የኢሜይል ጸሐፊ ቢጠየቅ ጥያቄው ራሱ አይገባውም ነበር።

በኅዳር 2019 ስላክ ምልክቶቹን ከነጭራሹ ለመደበቅ ሞከረ። ስትጽፉ ኮከቧ እዚያው ትጠፋለች፣ ቃሉ ወዲያው ይደምቃል፣ ከሥሩ የቁልፎች ረድፍ ይታያል። ለአዲስ ተጠቃሚ ምቹ ነው። ኮድ የሚጽፉት ግን ጮኹ፦ ጣታቸው የለመደው ቅደም ተከተል ተበላሸ፣ ጠቋሚዋ ከባክቲኩ ሳጥን አልወጣ አለች። በሳምንታት ውስጥ ድርጅቱ የድሮውን አጻጻፍ የሚመልስ ምርጫ ጨመረ። ወግ አጥባቂነት ነው ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ከጯሂዎቹ ጋር ነኝ። የምጽፈውን ትእዛዝ ዓይኔ እያየው ብጽፍ እመርጣለሁ።

በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የላቲን ሰያፍ ራሱን ችሎ የተቀረጸ የፊደል ዓይነት ነው፣ የዘመናት የእጅ ጽሑፍ አለበት። የግዕዝ ሰያፍ ግን ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፋ አድርጎ ያጋደለው ነው። ድምቀቱም እንዲሁ፤ ፎንቱ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ፕሮግራሙ ያለውን መስመር ያወፍረዋል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት እግር ሥር ባለች ጭረትና ቀለበት ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ቀለበቷ ስትወፍር ቀዳዳዋ ይደፈናል፣ ጎላ ብሎ እንዲነበብ የተፈለገው ቃል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ለማንበብ ያስቸግራል።

አሁን አሁን ደግሞ ኮከቧ በሌላ በር እየመጣች ነው። ጽሑፍ የሚያዘጋጁት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መልሳቸውን የሚሰጡት በማርክዳውን ነው። አንድ ሰው ያንን ቀድቶ ደብዳቤ ላይ ሲለጥፈው ማርክዳውን የሚያነብ የለምና ኮከቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከርእሱ ግራና ቀኝ ይቀራሉ፤ ማኅተም ተመትቶበት፣ ተፈርሞበት ይወጣል። ተቀባዩም ኮከቦቹን አይቶ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ይገምታል።