መገናኛ ከባቡሩ በፊት

«ለገሃር» ስንል ሳናውቀው ፈረንሳይኛ እያወራን ነው፤ «ላ ጋር» ባቡር ጣቢያ ማለት ነውና። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ቡፌ ደ ላ ጋር የተባለው ሆቴል፣ ኩሊው፣ ነጋዴው ሁሉ ባቡሩን ተከትሎ መጣ። ሰፈሩም ስሙን ከጣቢያው ወሰደ።

የካ ላይ ታሪኩ ተገለበጠ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰፈሮቹ ስምም ሰውም ነበራቸው። ጣቢያዎቹ ስም ተዋሱ። ጉርድ ሾላ ዛፍ ያስታውሳል። ሲኤምሲ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። መገናኛ ደግሞ ዛሬ ቃሉ የሚለውን ይሠራል፤ ከተማው እዚያ ይገናኛል።

ግን የት ነው የሚገናኘው? ባቡር ጣቢያው ውስጥ አይደለም። ከአያት እስከ መገናኛ ባለው መንገድ ሐዲዱ በአስፋልቱ መሃል፣ በአጥር ተከልሎ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ከፍለህ ትገባለህ፣ ትሳፈራለህ፣ ትሄዳለህ። ቆሞ ለማውራትም ሆነ ለመሸጥ የሚሆን ቦታ አይደለም። ከማዶ ያለ ሱቅ ለመሄድ የፈለገ ሰውም መሻገሪያ ፍለጋ አጥሩን ይዞ ይጓዛል።

ኑሮው ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም፣ ሰልፉ ራሱ ገበያ ይሆናል። ወያላው ይጣራል። ጀብሎው ማስቲካና ሶፍት ይዞ በሰልፉ መሃል ያልፋል። ክረምት ከሆነ በቆሎ ጥብስ ይሸታል። ሊስትሮው ጫማ ይጠርጋል፣ መንገድም ያሳያል። ለአዲስ መጤ ከእሱ የተሻለ የመረጃ ዴስክ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህን ጠርዝ ቀየረው። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት በራ፣ መቀመጫ ተተከለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጭቃና ጨለማ ማንም አይናፍቅም፣ በተለይ ማታ ብቻዋን የምትሄድ ሴት። ነገር ግን ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃዋን ሰብስባ የምትሮጠው ባለ ጉሊትም የዚያው ከተማ ሰው ናት። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ትችላለች፤ ልጆቿን የምታበላበትን ሥራ ግን እዚያ መሥራት አትችልም።

የለገሃርን ታሪክ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ጣቢያን ሰፈር ያደረገው ሐዲዱ ብቻ አይደለም፣ ዙሪያውን የሠራበት ሰው ጭምር ነው። መገናኛ ላይ ይህ ሰው ከባቡሩ ቀድሞ ተገኝቷል። ጠርዙን ስናሳምር ለእሱም የተሰመረ፣ የተፈቀደ፣ ዝናብ የማይመታው ሁለት ሜትር ቦታ መተው ይቻላል። ሰልፉ እንደሆነ ነገም አለ፤ የተሰለፈም ይርበዋል።